«ሻርፕ ኦብጀክትስ»፦ ድባቡ የሞላ፣ ምርመራው የጎደለ ልቦለድ (መጨረሻው ተገልጧል፤ ያላነበባችሁ ተጠንቀቁ)

ኅዳግ

የጊሊያን ፍሊን «ሻርፕ ኦብጀክትስ» እዚህ መድረክ ላይ ሲሞገስ እንጂ ሲተች አላየሁም። ቅሬታዬን በዝርዝር ላስቀምጥ። መጨረሻውን ሳልነካ ማስረዳት ስለማይቻል ላነብ ነው ያላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ።

መጽሐፉ በ2006 (በፈረንጆቹ፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው) የወጣ የደራሲዋ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው። ተራኪዋ ካሚል ፕሪከር የቺካጎ ጋዜጠኛ ናት። አለቃዋ በሚዙሪ ደቡባዊ ጫፍ ወዳለችው፣ ሁለት ሺሕ ገደማ ነዋሪ ወዳላት ዊንድ ጋፕ ወደምትባል የትውልድ ከተማዋ ይልካታል። ከተማዋ በካርታ ላይ የለችም፤ የፈጠራ ናት። አን ናሽ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ታንቃ ተገድላለች፤ የ10 ዓመቷ ናታሊ ኪን ደግሞ ጠፍታ በዋናው መንገድ ላይ በሁለት ሕንጻዎች መካከል ተወትፋ ትገኛለች። የሁለቱም ጥርስ ተነቅሏል። ካሚል የምታርፈው እናቷ አዶራ ቤት ነው። እዚያ የ13 ዓመቷ ግማሽ እህቷ አማ አለች፤ ገና በልጅነቷ የሞተችው የሌላዋ እህት የማሪያን ትዝታም አለ።

ጭለማው አልከበደኝም። ጭለማ ፈልጌ ነው የገዛሁት። የከፋኝ የሴራው አወራረድ ነው። መጽሐፉ ጡዘቱ ላይ የሚደርሰው አዶራ ልጆቿን መድኃኒት እየጋተች ታሳምም እንደነበር ሲጋለጥና ስትያዝ ነው። አንባቢ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ነገሩ አለቀ ይላል። ከዚያ በቀሩት ጥቂት ገጾች ውስጥ ካሚልና አማ ቺካጎ አብረው መኖር ይጀምራሉ፣ ሦስተኛ ልጅ ትገደላለች፣ የአሻንጉሊቱ ቤት ወለል በጥርስ የተነጠፈ ሆኖ ይገኛል፣ አማ ገዳይ መሆኗ ይታወቃል፣ ምክንያቷም ይነገረናል። መጽሐፉ ሙሉውን ሲያረግዘው የቆየው ጥያቄ በሩጫ ተመለሰ።

ደራሲዋ አላጭበረበረችም፤ ንግሩን (መጨረሻውን ቀድሞ የሚጠቁመውን ፍንጭ) ዘርታለች። ለምሳሌ አማ ከቤታቸው ጋር አንድ እንዲሆን የምታሠራውን የአሻንጉሊት ቤት ተመልከቱ፤ አንዲት ጠረጴዛ ከልኩ ወጣች ብላ የምታነሳው ቁጣ አለ። የአዶራ መኝታ ክፍል ወለል የዝሆን ጥርስ መሆኑም ቀደም ብሎ ተነግሮናል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን በገጹ ላይ የለም። ካሚል አትጠረጥርም፣ መርማሪው ሪቻርድ ዊሊስ አይጠረጥርም፣ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ቪክሪም አይጠረጥርም። እውነቱ የሚወጣው ሌላ ልጅ ስለሞተች እንጂ አንድ ሰው አስቦ ስለደረሰበት አይደለም። የወንጀል ልቦለድ ለአንባቢው የሚገባለት ውል ማሰብ ውጤት እንዳለው ማሳየት ይመስለኛል፤ ይህ መጽሐፍ ያንን ውል አፍርሷል።

ማታ አንባቢ

ኅዳግ፣ መጽሐፉን በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠህ ነው የምትለካው። ይህ «ማን ገደለ» ልቦለድ አይደለም። የደቡብ ጎቲክ የሚባለው ወገን ነው፤ የፎክነር «ኤ ሮዝ ፎር ኤሚሊ» በ1930 ከወጣ ወዲህ መልኩ የታወቀ ነው፦ ትልቅ ቤት፣ የተከበረ ቤተሰብ፣ ከላይ ያማረ ከውስጥ የበሰበሰ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ የማይናገረው የጓዳ ገመና። በዚህ ዘር ውስጥ እውነቱ ዘግይቶ መምጣቱ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ከተማው ሁሉ ማየት አልፈለገማ!

የአማም ምክንያት ከሰማይ የወረደ አይደለም። አዶራ አንንና ናታሊን ታስተምር፣ ትቀርባቸው ነበር። ሁለቱም ተናካሽ፣ እልኸኛ ልጆች ነበሩ። አዶራ ለልጆቿ የምትሰጠው ፍቅር የሚገኘው ታሞ በመተኛት ነው፤ አማ ቤት ውስጥ ስትሆን እንደ ሕፃን ለብሳ ለእናቷ ትተኛላታለች፣ ከቤት ስትወጣ ከተማውን ታምሳለች። ታሞ በመተኛት የተገዛን ቦታ ጤነኛ ልጆች በነጻ ሲወስዱት ምን እንደሚሆን መጽሐፉ ከመጀመሪያው ምዕራፎች ጀምሮ እየነገረን ነው።

የአሳማ ማርቢያውን ትዕይንትስ ረሳኸው? የቤተሰቡ ሀብት የሚመጣው ከዚያ ነው። ካሚል አማን ተከትላ ትሄዳለች። እናቲቱ አሳማ በጠባብ የብረት ፍርግርግ ውስጥ በጎኗ ተጋድማለች፣ መዞር አትችልም፣ ግልገሎቹ ይረባረቡባታል፤ አማ ቆማ በደስታ ታያለች። ከዚያ በላይ ምን ጥርጣሬ ትፈልጋለህ?

ኅዳግ

ትዕይንቱን አልረሳሁትም፤ ከመጽሐፉ ምርጥ ገጾች አንዱ ነው። የእኔ ጥያቄ ካሚል ካየችው በኋላ ምን አደረገችበት የሚል ነው። ጋዜጠኛ ናት፣ ማስታወሻ ትይዛለች፣ ሙያዋ ነገርን ከነገር ማያያዝ ነው። አየች፣ ተጸየፈች፣ ሄዳ ጠጣች። ተራኪ አንደኛ መደብ ሲሆን አንባቢ የሚያስበው በእሷ ጭንቅላት ነው፤ እሷ ማሰብ ካቆመች ንግሩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከተማው ማየት አልፈለገም ላልሽው እስማማለሁ። የካሚልን አለማየት ግን ደራሲዋ በጭንቀቷና በመጠጧ ብቻ ልትሸፍነው አትችልም፤ ምክንያቱም ስለ እናቷ ሲሆን አጥርታ ታያለች። የሆስፒታሉን ምዕራፍ ተመልከቺ።

ጤና ነክ

የሆስፒታሉን ምዕራፍ ያነሳኸው በቦታው ነው፤ ከምርመራ አንጻር በመጽሐፉ ውስጥ በትክክል የተሠራው እሱ ብቻ ነው። ካሚል የማሪያንን የሕክምና መዝገብ ታስወጣለች፣ ያኔ ጠርጥራ ጽፋ ሰሚ ያጣች ነርስ ታገኛለች፣ መርማሪውም በዚያው መንገድ ላይ እንዳለ ትረዳለች። መዝገብ፣ ምስክር፣ ማመሳከሪያ።

ለማታውቁት፣ አዶራን የያዛት፣ ልጅን ሆን ብሎ የማሳመም በሽታ የተገለጸው በ1977 ሮይ ሜዶው የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም «ላንሴት» ላይ በጻፈው ጽሑፍ ነው፤ አንዷ እናት ልጇን በጨው ስትመርዝ፣ ሌላዋ የልጇን የሽንት ናሙና ስታበላሽ። ሙንቻውዘን በውክልና የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው። ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ በሌላ ሰው ላይ የሚፈጸም የማስመሰል ሕመም ብሎ ይመድበዋል፤ ምርመራው የሚሰጠውም ለአድራጊዋ እንጂ ለልጁ አይደለም።

ሐኪም የሚጠረጥረው እንዲህ ነው። ምልክቱ እናት ስትኖር ይብሳል፣ ልጁ ለብቻው ሲሆን ይሻለዋል፤ የላቦራቶሪ ውጤት ከሚነገረው ታሪክ ጋር አይገጥምም፤ እናቲቱ ልጇ እየባሰበት የተረጋጋች ናት፣ ከነርሶች ጋር ትወዳጃለች፣ ተጨማሪ ምርመራ ራሷ ትጠይቃለች። ማረጋገጫው መለየት ነው፦ ልጁ በክትትል ሥር ለብቻው ተቀምጦ ምልክቱ ይጠፋል ወይ? ከዚያ የደምና የሽንት ምርመራ። እዚህ ላይ ብዙ ደራሲ ይሳሳታል፤ የተለመደው የመርዝ ምርመራ ሁሉንም አያይም። ለምሳሌ የሚያስመልሰው የአይፒካክ ሽሮፕ በተለይ ካልተጠየቀ አይገኝም። ደጋግሞ ሲሰጥ ደግሞ የልብ ጡንቻን ያደክማል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ እስከመከረበት ጊዜ ድረስ አይፒካክ በየአሜሪካ ቤቱ የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ የሚገኝ ነገር ነበር። አዶራ ጓዳ ውስጥ መድኃኒት መገኘቱ ስለዚህ የሚታመን ነው።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ካሚል ማስረጃውን በገዛ ሰውነቷ ለመሰብሰብ ወስና ከእናቷ እጅ ትጠጣለች። እንደ ትዕይንት እጅ በአፍ ያስጭናል። በፍርድ ቤት ዓይን ግን የተወሰደው መጠን፣ ሰዓቱ፣ ብርጭቆው፣ ናሙናው በማን እጅ እንዳለፈ ሁሉ መታወቅ አለበት፤ መጽሐፉ ይህን ይዘለዋል።

ብራና ጠባቂ

የጥርሱን ነገር ማንም ሳያነሳው ሊያልፍ ነው መሰለኝ። ለእኔ ከመጨረሻው በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

ፖሊስ ገዳዩ ወንድ ነው ብሎ የሚያምንበት አንዱ ምክንያት ጥርስ መንቀል ጉልበት ይፈልጋል የሚል ነው። ከ9 እስከ 10 ዓመት ያለች ልጅ አፍ ውስጥ በተለምዶ 24 ጥርስ አለ፦ 12 ቋሚ (8 የፊት ጥርሶች እና 4 መንጋጋዎች) እንዲሁም 12 የወተት። የወተቶቹ ሥር በዚህ ዕድሜ እየሟሟ ስለሆነ በቀላሉ ይወጣሉ። የሚያስቸግሩት በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅሉት ቋሚ መንጋጋዎች ናቸው፤ የታችኞቹ ሁለት ሥር፣ የላይኞቹ ሦስት ሥር አላቸው። ጥርስ ሐኪም ጥርስን አይስብም፤ መጀመሪያ በመፈንቀያ ጅማቱን ያላቅቃል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ጉድጓዱን ያሰፋል። በተራ የቤት ፒንሳ በቀጥታ ቢሳብ የመንጋጋው አክሊል (ከድድ በላይ ያለው ክፍል) ይሰበርና ሥሩ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ከጉልበት ይልቅ የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ብርሃን፣ የማይታይ ቦታ እና ጭንቅላቱን አጥብቆ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ነው። አያችሁ ይህ ወዴት እንደሚወስድ? አማ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ነበረች። አስከሬን መርማሪው «ስንት ሥር ተሰብሮ ቀርቷል፣ መንገጭላዋ ላይ የእጅ ጫና ምልክት አለ ወይ» ብሎ ቢጠየቅ ኖሮ «አንድ ጠንካራ ወንድ» የሚለው ግምት በመጽሐፉ አጋማሽ ይፈርስ ነበር፤ ያለ ሦስተኛ ሞት። ከመጽሐፉ ተሠርቶ በ2018 በወጣው ተከታታይ ድራማ ውስጥ እንኳ መርማሪው የአሳማ ጭንቅላት ላይ ጥርስ ነቅሎ ይሞክራል፤ ሙከራው ስለ ጉልበት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ማታ አንባቢ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሁለተኛው ሰው ነገር እውነትም በንግር ላይ ሊጨመር የሚችል ትልቅ ነገር ነው። ግን ብራና ጠባቂ፣ ያ ቢጨመር መጽሐፉ ወደ ላቦራቶሪ ልቦለድ አያዘነብልም?

ብራና ጠባቂ

አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ቪክሪ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ «ይህን አንድ ሰው ብቻውን አልሠራውም» ቢል አለቀ። አንባቢ ከዚያ በኋላ አራቱን ልጃገረዶች ባየ ቁጥር ልቡ ይሰቀላል።

የዴልታ ዳር

መቼቱን ላንሳ፤ «የደቡብ ልቦለድ» ተብሎ ስለሚሸጥ።

ዊንድ ጋፕ የተቀመጠችው ቡትሂል በሚባለው ቦታ ነው፤ ሚዙሪ ካርታ ላይ በደቡብ ምሥራቅ እንደ ቦት ጫማ ተረከዝ ወደ አርካንሶና ቴነሲ የምትወርደው ቁራጭ። ደንክሊን፣ ኒው ማድሪድ፣ ፔሚስኮት ካውንቲዎች። ከቀረው ሚዙሪ ይልቅ የሚሲሲፒ ዴልታ ወገን ነች። ረግረግ ነበረች፤ የሊትል ሪቨር የውሃ ማፋሰሻ ድርጅት በ1907 ተቋቁሞ በቦይ ካደረቃት በኋላ የጥጥ አገር ሆነች። ዛሬ ጥጥ፣ ሩዝና አኩሪ አተር ይበቅልባታል። በጥር 1939 ከመሬት የተፈናቀሉ ጥቁርና ነጭ ጭሰኞች በ60 እና በ61 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች ዳር በብርድ ሰፍረው ተቃውሞ ያሰሙት እዚያ ነው። በ1942 ሳይክስተን ከተማ ክሊዮ ራይት የተባለ ጥቁር ሰው በሕዝብ ፊት ተገድሎ ተቃጥሏል፤ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዚህ ዓይነት ግድያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ያኔ ነው።

ከዚህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ምን አለ? በኮንፌዴሬሽን (በእርስ በርስ ጦርነቱ ለባርነት የቆመው የደቡብ ወገን) ተዋጊ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት በአንድ አንቀጽ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ሙቀት፣ በረንዳ፣ ጣፋጭ መጠጥና ሐሜት። ሌላው ቀርቶ የአሳማው ነገር ቦታውን ስቷል። በሚዙሪ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋው ግዙፍ የአሳማ ማርቢያ የሚገኘው በሰሜን፣ በአይዋ ድንበር አካባቢ ባሉት እንደ ሜርሰርና ሰሊቫን ባሉ ካውንቲዎች ነው። በቡትሂል ሀብታም ቤተሰብ የሚሆነው ባለ ጥጥ መሬት ነው። አዶራ የጥጥ ባለርስት ብትሆን ኖሮ ያ የነጭ ቤት፣ ያ የዝሆን ጥርስ ወለል የማን ላብ እንደሆነ መጽሐፉ ሳይወድ በግድ ይናገር ነበር።

ማታ አንባቢ

የአሳማ ማርቢያውን ብታወጣው ግን የአማን ትዕይንት ታጣለህ። ደራሲዋ የካንሳስ ሲቲ ልጅ ናት፤ ሚዙሪን አታውቅም ማለት አይቻልም። ሁለቱን ጫፎች ሆን ብላ አንድ ከተማ ውስጥ ያጨቀቻቸው ይመስለኛል። ስለ ጥቁሮቹ ታሪክ ያልከው ግን እውነት ነው፤ መከራከሪያ የለኝም።

የዴልታ ዳር

ልክ ነሽ፣ ትዕይንቱ ከነጉድለቱ ይቆይ። ድራማው ይህን ክፍተት አይቶታል። በትምህርት ቤቱ ስም ላይ የነበረውን አንድ አንቀጽ ወስዶ ከተማው በየዓመቱ የሚያከብረው ክብረ በዓል አደረገው፤ ልጆች በሣር ሜዳ ላይ ቲያትር ሲያሳዩ ሙሉ ክፍል ይሄዳል። አደባባዮቹ የተቀረጹትም ጆርጂያ ውስጥ ባርንስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስለ ደቡብ ከመጽሐፉ ይልቅ ድራማው ደፍሮ ተናግሯል።

ዜና ቤት

ስለ ጋዜጠኝነቱ አንድ ነገር። ካሚል መረጃ የምታገኘው ከመጠጥ ቤት፣ ከእናቷ ወዳጅ ከጃኪ ሐሜትና ከመርማሪው ጋር በመተኛት ነው፤ በኋላ ደግሞ ከዋናው ተጠርጣሪ፣ ከናታሊ ወንድም ከ18 ዓመቱ ጆን ኪን ጋር። ሁለተኛው ብቻውን ከዘገባው የሚያስነሳ ነው። አለቃዋ ከሪ አባታዊ ሰው ሆኖ ስለተሣለ ይህን አይጠይቃትም።

ሚዙሪ ከ1973 ጀምሮ የሰንሻይን ሕግ አላት። የክስተት ሪፖርትና የእስር መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ የምርመራ ፋይል ግን ምርመራው እስኪዘጋ ድረስ ዝግ ነው። አንድ ዘጋቢ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን የክስተት ሪፖርት ነው፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ደወለ፣ ማን መጀመሪያ ደረሰ። ካሚል ይህን አድርጋ ከተከለከለች በኋላ ወደ መጠጥ ቤቱ ብትሄድ ኖሮ ሐሜቱ ክብደት ይኖረው ነበር። አሁን ግን የምትሰማው ሁሉ እኩል ነው፤ አንባቢ የትኛውን እንደሚይዝ አያውቅም።

ኅዳግ

ዜና ቤት፣ ይህ ከእኔ ቅሬታ ጋር አንድ ነው። የምርመራ ሥራ በገጹ ላይ ስለሌለ ንግሩ ማረፊያ አጣ።

ማታ አንባቢ፣ ላንቺ ደግሞ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። ፍሊን ራሷ በ2012 «ጎን ገርል»ን ስትጽፍ ትልቁን እውነት ከመጨረሻ አንሥታ መጽሐፉ መሃል ላይ አመጣችው። አንባቢ ካወቀ በኋላ ግማሽ መጽሐፍ ቀርቶታል፤ ውጤቱን፣ ምክንያቱን፣ አኗኗሩን ያያል። አማ ገዳይ መሆኗን ካሚል ሁለት ሦስተኛው ላይ ብታውቅና እንደ እህት ብትደብቀው ምን ዓይነት መጽሐፍ ይሆን ነበር? እናቷ ባልሠራችው ግድያ ተከሳ፣ በሠራችው ደግሞ ጥፋተኛ ሆና፣ ልጅቷ ከጎኗ ተኝታ። ያ ነው እኔ ልገዛ የወጣሁት ጭለማ።

ማታ አንባቢ

ያንን መጽሐፍ እኔም አነብ ነበር። ግን እዚህ ያለው ድንጋጤ ይሞታል። የመጨረሻዎቹ ገጾች እንደዚያ አጭር የሆኑት ካሚል በጊዜው ሳታየው አንባቢም እንዳያየው ነው። ድራማው ደግሞ ከዚህም አሳጥሮታል፤ በ8ኛው ክፍል መጨረሻ ጥርሱ ይታያል፣ አማ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፣ ይጠቁራል፤ ግድያው የሚታየው ስሞች ሲወርዱ በመሃል በብልጭታ ነው። ማብራሪያው ጨርሶ ቀርቷል። ያንን ተመልካች የወደደው ይመስለኛል።

ኅዳግ

እዚያ ላይ ድራማው ይሻላል፤ ወይ ሙሉ በሙሉ አስረዳ፣ ወይ አታስረዳ። መጽሐፉ መሃል ሰፈረ፤ ጥቂት ገጽ ማብራሪያ ጨመረና ሁለቱንም አጣ።

አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። መጨረሻውን አውቄም ቢሆን ላነበው አስቤያለሁ። ከድራማው ልጀምር ወይስ ከመጽሐፉ?

ጤና ነክ

ከመጽሐፉ ጀምሪ። ተራኪዋ ቃላትን በቆዳዋ ላይ በስለት የቀረጸች ሴት ናት፤ በየገጹ ባይሆንም በዝርዝር ይገለጻል፣ መጠጡም ብዙ ነው። ይህ የሚከብድሽ ከሆነ ድራማው አይቀልልሽም፤ ስለቱን በዓይን ያሳያልና።

ብራና ጠባቂ

እርሳስ ይዘሽ አንብቢ። የአሻንጉሊት ቤቱ፣ የዝሆን ጥርሱ ወለልና ሦስቱ ጓደኞች በተነሱ ቁጥር በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጊ። ከሆስፒታሉ ምዕራፍ ስትደርሺ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ምልክቶቹን ቁጠሪና ካሚል ስንቱ ላይ ጥያቄ እንዳነሳች እዪው፤ ከዚያ ተመልሰሽ ከኅዳግና ከማታ አንባቢ የማን ልክ እንደሆነ ንገሪን።